ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

የፈረንሳይ ለጋሲዮን ጎረቤቴ ከጤና ጣቢያ እንደተመለሰች ቤቷ ሳትገባ እኔ ዘንድ መጣች። የአቼቶውን ምርመራ ነው ያደረገችው፤ የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ ቀብተው ጥቂት ጠብቀው ያዩታል። «ነጭ ታይቷል፣ ቅዳሜ ለሕክምና ነይ» ብለዋታል። ካንሰር ነው ወይ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «ይኼን ያመጣብኝ ማነው?» አለችኝ።

ነጩ ካንሰር አይደለም። ወደፊት ካንሰር ሊሆን የሚችል ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ተራ መቆጣትም እንዲሁ ይነጣል። ምክንያቱ በአብዛኛው ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ከቆዳ ወደ ቆዳ ስለሚተላለፍ ኮንዶም እንኳ ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አይከለክለውም። አብዛኛውን ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል፤ አልወጣ ያለው ግን ድምፁን አጥፍቶ ዓመታት ይቀመጣል። ታዲያ ማን፣ መቼ እንዳመጣው በምን ይታወቃል? እሷ በ15 ዓመቷ የተዳረች፣ አምስት የወለደች፣ ከአንድ ባል ሌላ የማታውቅ ሴት ናት። በልጅነት መዳርም ብዙ መውለድም አደጋውን ከሚጨምሩት ውስጥ ናቸው። ሁለቱንም ማንም አላማከራትም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አደጋውን ከሚጨምሩት ውስጥ ሲጋራም አለ። ጎረቤቴ አጭሳ አታውቅም፤ የማገዶ ጭስ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጠጥታለች። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የሆንዱራስ ጥናት፣ ቫይረሱ ካለባቸው ሴቶች መካከል በማገዶ ለዓመታት ያበሰሉት ለማህፀን በር ለውጥ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። በአንድ አገር ጥናት አልምልም። ሆኖም ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ባየሁ ቁጥር ጥናቱ ትዝ ይለኛል።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ጠበል ፍለጋ መጥተው እዚያው ቤት ተከራይተው ከቀሩት ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ናቸው። አንድ ጊዜ መድኃኒቱን ትተው በጠበል ብቻ የሚጠመቁ ብዙ ነበሩ፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለቱ አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል ብዙ ሰው አትርፏል ብዬ አምናለሁ።

ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ነው። ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚፈጀው ለውጥ፣ ሰውነቷ ከደከመና መድኃኒት ካልጀመረች፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በአገራችን የአቼቶው ምርመራ መጀመሪያ የተዘረጋውም ለእነዚሁ ሴቶች ነበር። ሻይ ያፈላችልኝ አንዲት እናት ግን «ኪኒኔን አንድ ቀን አላጓደልኩም፤ ስለ ማህፀን የጠየቀኝ የለም» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ጎረቤቴ ታከመች። በሚግል ብረት ነክተው ለውጡን አቃጠሉት፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። «የወር አበባ ቁርጠት ያህል ነው» አለች። ለጥቂት ሳምንታት ከባሏ ጋር እንዳትገናኝ፣ በዓመቱም ተመልሳ እንድትታይ ተነግሯታል። ባሏ ውጭ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ማነው ያመጣው የሚለውን ጥያቄ ሁለቱም አላነሱትም።

አሁን ጭንቀቷ ወደ ትንሿ ልጇ ዞሯል። የኤች ፒ ቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር ታላቋ አልፏት ነበር። ትንሿ 13 ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ክንዷን ተወግታለች፣ የምን እንደሆነ ግን አታስታውስም። ካርዱን ፈልገን አጣነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄዳ ትጠይቃለች።