በአመድ ላይ የበቀለ ወይን

ከአቴና በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በኤጌ ባሕር ውስጥ፥ ሳንቶሪኒ የምትባል ደሴት አለች። ግሪኮች ቲራ ይሏታል፤ ሳንቶሪኒ የሚለው ስም ግን ከቅድስት ኢሬኒ የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራዋ ፈንድቶ መካከልዋን ለባሕር ስለ ሰጠው፥ የቀረው እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ገደል ነው። አፈሩ አመድና ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ የለም ለማለት ይቻላል፤ ነፋሱም ዛፍ አያስቆምም። ይሁን እንጂ አሲርቲኮ ከሚባለው ወይን የሚጠመቀው፥ በግሪክ አገር እጅግ የተመሰገነው ነጭ የወይን ጠጅ የሚገኘው ከዚሁ ነው።

በጥር ወር በደረስን ጊዜ፥ በዳስ ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ እናያለን ብለን ስንጠብቅ፥ ያየነው በየእርሻው መሬት ላይ የተቀመጠ ትልቅ የወፍ ጎጆ የሚመስል ነገር ነበር። ገበሬው ሲገርዝ የተረፈውን ሐረግ ዙሪያውን እየጠመዘዘ እንደ ቅርጫት ይጎነጉነዋል። ዘለላው በቅርጫቱ ውስጥ ተሸሽጎ ከነፋስና ከሐሩር ይድናል። ሌሊት ከባሕር የሚወጣውን ጉም ቀዳዳማው ድንጋይ ይጠጣና ቀን ለሥሩ ያካፍለዋል። ቅርጫቱ አርጅቶ ፍሬ ሲነሣ ይቆረጣል፤ ከዚያው ሥር አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። ስለዚህ ከላይ የሚታየው የልጅ ልጅ ሲሆን፥ ከታች ያለው ሥር የቅድመ አያት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮጳን ወይን የፈጀችው ፊሎክሴራ የምትባል ሥር በል ተባይም ሸክላ አፈር በሌለበት በዚህ ምድር መኖር አልቻለችም።

ለቀማው በነሐሴ ነው። በግሪክ አብያተ ክርስቲያናት በደብረ ታቦር በዓል የመጀመሪያው ወይን ይባረካል፤ እኛ በዚያው በዓል ችቦና ሙልሙል እንዳለን፥ የእነርሱ ዘለላ ነው። በቀድሞ ልማድ የተለቀመው ከሙቀት እንዲድን በዚያው ሌሊት ይጨመቅ ነበርና፥ ኒክቴሪ የሚባለው ጠጅ ስሙን ከሌሊት ወሰደ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ቪንሳንቶ ነው። ነጩን ወይን በፀሐይ አስጥተው ሁለት ሳምንት ያህል ያደርቁታል፤ ከዚያ ጨምቀው ያፈሉታል፥ በበርሜልም ቢያንስ 2 ዓመት ያኖሩታል። ፍሬው ነጭ ሲሆን ጠጁ እንደ ጠይም ማር ይሆናል፤ ጣዕሙም እጅግ ጣፋጭ ነው። በቤተ ልሔም ዘቢብ ዘፍዝፎ ለጨመቀ ዲያቆን የደረቀው ወይን ሽታ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ የእኛ ሳይፈላ ለዚያው ቅዳሴ መዋሉ ነው። ይህ ጠጅ ቀድሞ በብዛት ወደ ሩስያ ይጫን ነበር፤ በዚያም ለቍርባን ይውል ነበር። የ1917ቱ አብዮት ሲመጣ ያ ንግድ ተቋረጠ።

በ1956 ደግሞ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፥ ብዙዎችም ደሴቲቱን ጥለው ሄዱ። (ዓመታቱ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬ ግን ወይኑን የሚያሳንሰው ሀብት ነው። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቈጠር እንግዳ ስለሚመጣ፥ መሬት ለሆቴል ሲሸጥ ከወይን ይልቅ ያተርፋል። በ2023 እና በ2024 ደግሞ ከድርቅና ከሙቀት የተነሣ ምርቱ በጣም አነሰ። ቅርጫቱን መጎንጎን የእጅና የጕልበት ሥራ ነው፤ በመኪና የሚሠራ አይደለም። እኛ ባየነው እርሻ ጎንበስ ብለው የሚገርዙት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ሽበታሞች ናቸው፤ ከአጥሩ ማዶ አዲስ የሆቴል ግንብ እየተገነባ ነበር።