ከባሕር ርቀው መርከብ የሚሠሩ ሰዎች

የሞሪሺየስን ደሴት ያየ ሰው ሁሉ የሚያወራላችሁ ስለ ባሕሩ ዳር ነጭ አሸዋ ነው። እኔ ግን ወደ ደጋው፣ ወደ ኪዩርፒፕ ከተማ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ዝናብና ጭጋግ አያጣውም፤ እኔ የደረስሁበትም ቀን ከሐምሌ ወር የተበደሩት ይመስል ነበር። ጃንጥላ ያዝ ብሎ የመከረኝ ሰው አልነበረም።

የሄድሁት መርከብ ለመግዛት ነው። አትሳቁ፤ መርከቡ ከክንድ ብዙ የማይበልጥ የእንጨት አምሳያ ነው። በዚህች ደሴት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍላችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የጥንት መርከቦችን አሳንሶ መሥራት የታወቀ የእጅ ሥራ ሆኗል። እኔም የታሪክ መምህር ስለ ሆንሁ፣ ባልደረቦቼ ገንዘብ አዋጥተው ለመማሪያ ክፍላችን አንድ መርከብ መርጬ እንዳመጣ አደራ ጥለውብኝ ነበር።

በገባሁበት ቤት ወንዶቹ የመርከቡን አካል ከእንጨት ይጠርባሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የሚወጠረውን ክር አንድ በአንድ በወረንጦ ያስራሉ። ሸራው አዲስ እንዳይመስል በሻይ ይነከራል። መጠኑ ከመቶ አንድ ሲሆን፣ ሦስት ሜትር የነበረው መድፍ ከጣት አንጓ አይበልጥም። አንዲት ሴት ያን የሚያህል መድፍ በመዳፏ ይዛ ስትስቅብኝ አፍሬ ዞር አልሁ፤ አፌን ከፍቼ ቆሜ ኖሯል።

ለመሆኑ ከስንት ሺሕ መርከቦች መካከል የትኛው ይሠራ ብሎ የሚመርጠው ማን ነው? እኔ ዝናው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ መጀመሪያ የሚመርጠው ፕላኑ ነው አሉኝ። የጦር መርከብ የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ ፕላኑ በመዝገብ ቤት ተጠብቆ ይኖራል፤ ብዙው የነጋዴ መርከብ ግን ከሠሪው ጋር ተረስቷል። ባውንቲን ተመልከቱ። በ1784 ቤትያ ተብሎ ለንግድ የተሠራ ተራ መርከብ ነበር፤ በ1787 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሲገዛው ግን ተለክቶ ፕላኑ ተነሣ። በ1789 መርከበኞቹ በአለቃቸው ላይ ባመፁ ጊዜ፣ ወሬውም ፕላኑም ለአምሳያ ሠሪ ተዘጋጅተው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው መራጭ ገዢው ነው። እንግሊዛዊው በ1805 በትራፋልጋር የተዋጋውን ቪክቶሪን ይፈልጋል። ስዊድናዊው ደግሞ በ1628 ገና በመጀመሪያ ጉዞው የሰጠመውን ቫሳን ይመርጣል፤ በውድቀቱም የሚኮራ ሕዝብ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔ በልቤ የያዝሁት ግን ሌላ ነበር። አንዱ አትላስ ነው፤ ኖቬምበር 2 ቀን 1834 ዓ.ም. 36 የሕንድ ሠራተኞችን በውል አሳፍሮ ፖርት ሉዊስ የገባ መርከብ። ከእነርሱ በኋላ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ስለ ተከተለ፣ የዛሬው የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው የእነዚያ ዘር ነው። ሁለተኛው ሉቲል የተባለው የፈረንሳይ መርከብ ነው። በ1761 ከማዳጋስካር ባሮችን በስውር ጭኖ ወደዚህ ሲመጣ፣ ዛሬ ትሮምላን በምትባል ዛፍ በሌላት የአሸዋ ደሴት ላይ ተሰበረ። መርከበኞቹ ከስብርባሪው ትንሽ መርከብ ሠርተው፣ ተመልሰን እንወስዳችኋለን ብለው፣ ስልሳ ያህል ማዳጋስካራውያንን ትተው ሄዱ። የሚያወጣቸው መርከብ የመጣው በ1776፣ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። በሕይወት የተገኙት ሰባት ሴቶችና አንድ የስምንት ወር ሕፃን ብቻ ነበሩ።

የሁለቱንም ስም ጠራሁላቸው። ሽማግሌው መደርደሪያውን አየት አድርገው፣ «ፕላኑ የለኝም፤ ቢኖረኝስ ማን ሳሎኑ ያስቀምጠዋል?» አሉኝ። እርሳቸው ራሳቸው የሕንድ ተወላጅ ናቸው። ተቆጥቼ ልወጣ ነበር፤ ነገር ግን በየወሩ ለዚያ ሁሉ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ላይ፣ ደመወዙን ከሌላ የሚቀበል መምህር ሊፈርድ አይገባውም ብዬ ተመለስሁ።

በመጨረሻ የገዛሁት ሴን ዤራንን ነው። ይህ መርከብ በኦገስት 1744 በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተሰብሮ፣ የተረፉት ከዐሥር አይበልጡም። ደወሉ ዛሬ በማኤቡር ቤተ መዘክር ይታያል። ዝናውን ያገኘው በርናርዳን ደ ሴን ፒየር በ1788 ባሳተመው «ፖልና ቪርዢኒ» በተባለው የፍቅር ታሪክ ሲሆን፣ ገዢ ሁሉ የሚወስደው ለቪርዢኒ ሲል ነው። ነገር ግን በሆዱ ውስጥ የስኳር መፍጫ ዕቃና ከጎሬ ደሴት የተጫኑ ባሮችም ነበሩ። ለትምህርት የምፈልገው ይኸው ነበር።

መርከቡ አሁን ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል፤ የፊተኛው ምሰሶ በመንገድ ተሰብሮ በሙጫ ይዣዋለሁ። ታሪኩን በነገርኋቸው ቀን አንድ የኋላ ወንበር ተማሪ ተነሥቶ ባሮቹ የት ነበሩ ሲል ጠየቀኝ። የታችኛው ክፍል ተዘግቶ የተሠራ ስለ ሆነ ላሳየው አልቻልሁምና፣ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣልሁለት።