ቅቤ ለአናት፣ ብጉር ለግንባር

ሆለታ ውስጥ ብጉር የወጣበት ጎረምሳ ሐኪም አያጣም። «አግባ፣ ይለቅሃል» ከሚሉት ሽማግሌ ጀምሮ የጠዋት ምራቅ እስከሚያዝዙት ባልቴት ድረስ ሁሉም ባለሙያ ነው። የንብ ምርምር ማዕከል ያለበት ከተማ ነውና ማር የማያዝም የለም። (ኒውዚላንዶች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ በሳሙናው ላይ ማር ጨምረው ለሦስት ወር የተቀቡት በሳሙና ብቻ ከታጠቡት ብዙም አልተሻሉም። ማሩ ለጠጅ ይዋል።)

የሚገርመኝ የቅቤው ነገር ነው። አክስቴ ለእህቴ ልጅ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ታደርግላታለች፤ ሆለታ የወተት አገር፣ ማን ይሰስታል? ቅቤው ፀሐይ ሲመታው ወደ ግንባር ይወርዳል፣ ግንባሩ ላይ ፍንጥር ፍንጥር ያለ ብጉር ይወጣል፣ ለብጉሩ ደግሞ ሬት ይቆረጣል። በ1970 እ.ኤ.አ. ፕሌዊግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ ሐኪሞች ፀጉራቸውን ቅባት በሚቀቡ ጥቁር አሜሪካውያን ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ይህንኑ አይተው «የፖማድ ብጉር» አሉት። ቅባቱ የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

የፋርማሲው ቱቦም ቢሆን ዘሩ ሲቆጠር ከጓዳ አይርቅም። ሳሊሲሊክ አሲድ፣ የተደፈነውን ቀዳዳ የሚከፍተው፣ ስሙን ያገኘው በየወንዛችን ዳር ከሚበቅለው ከአኻያ ወገን ነው። ድኝ ጥንትም የቆዳ መድኃኒት ነበር። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ እንጀራውን ያገኘው ወፍጮ ቤት፣ የስንዴ ዱቄት እያነጣ ነው! ፊት ላይ ሲቀባ ኦክስጅን ይለቃል፤ የብጉር ባክቴሪያ ደግሞ ኦክስጅን ጠላቱ ነው። እንደ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያው አይለምደውም። 2.5 በመቶው ለቀላው ብጉር ከ10 በመቶው እኩል ይሠራል፣ የሚያቃጥለው ግን ያንሳል፤ ጎረምሶቻችን የሚጠይቁት «ጠንካራውን» ቢሆንም። የዱቄቱንም ሥራ አልረሳም፤ ፎጣና የትራስ ልብስ ያነጣል።

የማልቀልድበት ክሎቤታሶል ነው። ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ለከባድ የቆዳ ቁጣ የተሠራ። ቅላቱን በቀናት ስለሚያጠፋ «አሪፍ ቅባት» እየተባለ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል። ሲከርም ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የራሱን ብጉር ያወጣል፤ ሲተውት ደግሞ ፊት እንደ በርበሬ ይቀላል። ይህ የደረሰበት ሰው ሌላ ቱቦ ሳይሆን የቆዳ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ለእህቴ ልጅ ቤንዞይሉን ገዛሁላት፤ ለአክስቴም ቅቤው ለጊዜው ይቅር ብዬ፣ ቱቦው ድሮ ዱቄት ማንጫ እንደነበር አስረዳኋት።

«ዱቄት ምን ማንጣት ያስፈልገዋል?» አለችኝ ተቆጥታ። «ማኛ አይገዙም?»