ለእሷ ክኒን፣ ለእኔ ቁርጥ

የምናዘዘው ስለ ንቀቴ ነው። የአዲስ አበባዋ ሜክሲኮ ሰፈር ሰው ነኝ። ጾም በተፈታ ቁጥር ከባለቤቴ ጋር ከባቡሩ ድልድይ አጠገብ ካለችው ሥጋ ቤት ቁርጥ እናስመዝናለን። የኮሶ ትል ሲይዘኝ ፋርማሲ ጎራ እላለሁ፤ ለጓደኞቼም እየሳቅኩ አወራዋለሁ። የሥጋ በላተኛ በሽታ ነዋ! አያቶቻችንስ በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ አይደል የኖሩት?

ሠራተኛ ከገጠር ስትመጣልኝ ግን ሳቄ ይጠፋል። አሁን ያለችውን ልጅ ደላላው ያመጣት ዕለት፣ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ አልበንዳዞል ከውሃ ጋር አቀበልኳት።

«እትዬ፣ ምንድን ነው?»

«ለሆድሽ ነው፤ ዋጪው።»

ጉንጯ ሥር እንዳትደብቀው አፏን አስከፍቼ አየሁ። ነፍሰ ጡር ትሁን አትሁን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት አይሰጥም። ለሆዷ አስቤ አልነበረም። ልጆቼን ወስፋት እንዳታስይዝብኝ ነው።

የፈራሁት ደግሞ መሠረት አልነበረውም። የወስፋት እንቁላል ከሰገራ ጋር እንደወጣ ወዲያው ሰው አይዝም፤ አፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት አለበት። የመንጠቆ ትል እጭም የሚገባው ከአፈር ነው፣ በባዶ እግር በኩል፤ ገብቶም ደም ይመጥጣል። ልጅቷን ያስያዛት መጸዳጃ ቤት የሌለው መንደር ነው፤ የእሷ እጅ ልጆቼን በወስፋት አያስይዝም። ጃርዲያና አሜባ አዎ፣ በእጅ ይተላለፋሉ፤ እነሱን የሚከላከለው ግን ሳሙና ነው፣ ያን ዕለት ያላቀበልኳት።

የእኔው ትልስ? የከብት ኮሶ ትል አድጎ የሚኖረው በሰው አንጀት ብቻ ነው። በሬው የሚያዘው የሰው ሰገራ የነካውን ሣር ሲግጥ ነው። ከሁለታችን የበሽታ ምንጭ ተብላ ልትጠረጠር የሚገባት እኔ ነበርኩ፤ የእኔን አፍ ግን ማንም አላስከፈተም።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች ተባብረው ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች በየትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት በነጻ ያድላሉ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። ሆኖም ክኒኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አያግድም። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ውሃና መጸዳጃ ቤት እስካልተሟላ ድረስ እደላው ማብቂያ የለውም። ደግሞም ዕድሜዋ ከ14 ያለፈና የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች ልጅ፣ በእኛ ኩሽና ውስጥ ያለችው፣ በዚያ ሰልፍ ላይ የለችም።

ቁርጥ አልተውኩም፤ እተዋለሁ ብዬም አልምልም። እናንተ ሠራተኛ ያላችሁ ግን ክኒን ስትሰጧት ምን እንደሆነ ንገሯት፤ መውሰድ አለመውሰዷንም ራሷ ትወስን። ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ፣ ለሰገራ ምርመራ እሷን ከመላካችሁ በፊት እናንተ ቅደሙ።