የትኛውን የአረር ፎርማ ልምረጥ? አሮጌ ጠመንጃ በቤታችሁ ላላችሁ ሁሉ

ዛሬ ስለ ዋግም ስለ ማዳበሪያም አልጽፍም። በዚህ በገነተ ማርያም ዙሪያ ስዞር ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱን ነው ይዤ የመጣሁት። «የአያቴ ጠመንጃ አለኝ፣ ጥይቱ ግን ጠፋ። እርሳስ አቅልጬ አረር የማፈስበት ፎርማ ላሠራ ነው። የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል።

«ይሄ የግብርና ባለሙያን ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ያገባኛል። ከብታችሁንም፣ ጓሯችሁንም፣ ልጆቻችሁንም የሚነካ ነገር ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ስለ ፎርማው እናውራ። የድሮው ፎርማ እንደ አንጥረኛ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ ብረት ነው። በሁለቱ መንጋጋ መሀል የአረሩ ቅርጽ ተቦርቡሯል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የእንጨት እሳት ይበቃዋል። ለዚህ ነው አያቶቻችን በየቤታቸው ማፍሰስ የቻሉት። ብረት አቅልጦ በፎርማ ማፍሰስ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም እዚሁ ወሎ ውስጥ መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ የአያት ፎርማ ለየትኛው ጠመንጃ ነበር? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች መቅደላ የወጡበት ስናይደር አፈሙዙ 14.7 ሚሊ ሜትር ነው። በጉንደትና በጉራዕ ጦርነት ከግብጾች የተማረከው ሬሚንግተን 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃም (የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት) 11 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ሁሉ አፈ ሰፊ ናቸው። የሚተኩሱት በጥቁር ባሩድ ስለሆነ አረራቸው ቀስ ይላል፤ ልስልስ እርሳስም ይሆናቸዋል።

በ1886 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። አፈሙዙ ጠበበ፣ ፍጥነቱ ጨመረ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞብን የመጣው ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። የቤልጅጉ ማውዘር 7.92 ነው። ለእነዚህ አፈ ጠባቦች ልስልስ እርሳስ አይሆንም። ፍጥነቱን አይችልም፤ እየተላጠ በአፈሙዙ ውስጥ ባለው ጥምዝ ቦይ ላይ ይለጠፋል። ፋብሪካ አረሩን በመዳብ ወይም በሌላ ጠንካራ ብረት የሚያለብሰው ለዚህ ነው። መንደር ውስጥ በፎርማ የፈሰሰ እርሳስ ያ ልብስ የለውም።

ልኩም ሌላ ጣጣ ነው። «6.5» ስለተባለ ብቻ ሁሉም 6.5 አንድ አይደለም። የካርካኖ ቦይ ከሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች ትንሽ ይሰፋል። ለአንዱ የተሠራ አረር ለሌላው ወይ ይላላል ወይ ይጠብቃል። የጠበቀ አረር ደግሞ ግፊቱን አፍኖ ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ዓይንና ጣት ደግሞ ገበያ ላይ አይሸጥም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ጥይት ማለት አረር ብቻ አይደለም። ቀለህ አለ፣ ባሩድ አለ፣ ከታች እሳት የሚጭረው ክፍል አለ። ፎርማው የሚሰጣችሁ ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። ሦስቱን ከየት ልታመጡ ነው? ሕጉም ቁርጥ ያለ ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ወንጀል ነው። የአያት ጠመንጃ ነው ብሎ ማምለጥ የለም።

ባለፈው አንድ አባት ቤት ገብስ ላይ ስናወራ ቆይተን ከቆጥ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎርማ አወረዱና አሳዩኝ። እጀታው በእጅ ብዛት አልቆ ያበራል። የውጅግራ ነው፤ ከአያታቸው የወረሱት። «ልጄ፣ ቁርጡን ንገረኝ፤ አንጥረኛው ይህን አይቶ ለትንሿ ጠመንጃ የሚሆን ያውጣልኝ ወይስ ሌላ ልፈልግ?» አሉኝ።

«አባባ፣ የትኛውም አይሆንም» አልኳቸውና ከላይ ያልኩትን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «እርሳሱ እንኳ ሞልቶኛል» ብለው ወደ ግድግዳው ጥግ አመለከቱ። የሶላር አሮጌ ባትሪ ተሰብሮ ሆዱ ተዘርግፏል። የልጅ ልጃቸው፣ ገና ድክ ድክ የምትል፣ ከሥሩ ቁጭ ብላ በአፈር ትጫወታለች። እጇ አፏ ውስጥ ነው።

እኔ የዚያን ቀን ፎርማውን ረሳሁት። ልጅቷን አንስቼ እጇን አስታጠብኩ። እናንተም ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ እርሳስ መርዝ ነው። ትንሽ ከሆነ አይጎዳም የሚባል መጠን እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ሕፃን ልጅ ከበላው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ ሰው 4 እና 5 እጥፍ ይደርሳል። አጥንት ውስጥ ተከማችቶ ይቀመጣል። ሆድ ይቆርጣል፣ ደም ያሳንሳል፣ የልጁን አእምሮ ያደክማል። ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ጽንሱ ያልፋል።

ሴኔጋል ውስጥ፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በምትባል ሰፈር ሰዎች አሮጌ ባትሪ እየሰበሩ እርሳስ ያወጡ ነበር። በእርሳስ የተበከለውን አፈርም ወደ ቤት አምጥተው ያበጥሩ ነበር። ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። የሞቱት በአፈሩና በአቧራው ነው እንጂ ማንም ጥይት አልተኮሰባቸውም።

አሁን ወደ ከብቶቻችን እንምጣ። ላም የማትልሰው ነገር የላትም። የተሰበረ ባትሪ፣ የቀለጠ እርሳስ የፈሰሰበት አመድ ካገኘች ትልሳለች፤ ጥጃ ደግሞ ይብስበታል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ዓይኗ ይጠፋል፣ ግድግዳ ትገፋለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ጡንቻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ትወድቃለች። ብዙ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ይመስለዋል። ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል በባዶ እጅ አፏን አትንኩ፤ ቶሎ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። አካባቢው ላይ ባትሪ ወይም የእርሳስ አመድ ካለ ይህንንም አትደብቁት፤ ሕክምናው ይለያያልና። ወተቷን አትጠጡ፣ ከሞተችም ሥጋዋን አትብሉ። ጉበትና ኩላሊት ውስጥ እርሳሱ ይከማቻል።

አመዱንም ጓሮ አትድፉ። የከብት ፍግ ይበሰብሳል፣ እርሳስ ግን አይበሰብስም። ዛሬ ጎመን ሥር የደፋችሁት የዛሬ 30 ዓመትም እዚያው ነው።

ወደ አባባ ልመልሳችሁ። ሁሉን ከሰሙ በኋላ «እሺ፣ ጅቡ ሲመጣስ በምን ልመልሰው? ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። በሌሊት በግ የተበላበት ሰው ምክር ብቻ አይበቃውም። ስለዚህ አብረን በረቱን አየነው። አጥሩ ከወገብ አይበልጥም፣ በሩ ሁለት እንጨት ነው። ድንጋዩን ከሰው ቁመት በላይ አንሱት፤ ከላዩ እሾህ ደርቡበት፤ በሩን በጣውላ ዝጉት፤ ጥጃና በግ ውጭ አታሳድሩ። የሞተ ከብት በመንደሩ ዳር አትጣሉ፤ ጅብ የለመደበት አይርቅም። አዝመራው ሲደርስ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብታችሁ ጠብቁ። በአቡነ ዮሴፍ በኩል ገብስ የሚያስቸግራችሁ ጭላዳም ከአገራችን ውጭ የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ በጩኸትና በውሻ ይመለሳል፣ መግደል አያስፈልግም።

አባባ በሁሉም አልተስማሙም፤ «እናያለን» ነው ያሉኝ። በማግስቱ ግን ባትሪውን ከቤት አውጥተውት ነበር።

በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ፦

1. ለአፈ ጠባብ አሮጌ ጠመንጃ የሚሆን የመንደር ፎርማ የለም። አትፈልጉ፣ አታሠሩ።
2. የአያት ፎርማ ካላችሁ አትጣሉት፣ አታቅልጡት። ታሪክ ነው። ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ የማን እንደነበር ለልጆቻችሁ ንገሩ።
3. ጠመንጃው ካልተመዘገበ ሕጉ የሚጠይቀውን በወረዳችሁ ጠይቁ።
4. አሮጌ ባትሪ አትስበሩ። ሳይሰበር ልጅና ከብት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጣችሁ ለሚገዛ ባትሪ ነጋዴ ስጡ።
5. በቤታችሁ እርሳስ ቀልጦ የሚያውቅ ከሆነ፣ የቀለጠበትን ድስት ለምግብ አትጠቀሙበት። ሆዱን የሚቆርጠው ወይም የገረጣ ልጅ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ «ቤታችን እርሳስ ይቀልጥ ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ካልነገራችኋቸው ሐኪሞቹ ላያስቡት ይችላሉ።

ይህን ጽሑፍ ስልክ ለሌለው ጎረቤትም አንብቡለት። ጥያቄ ያላችሁ፣ ወይም ከላይ ያልኩትን ምልክት ያሳየች ላም ያለቻችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መልካም አዝመራ፣ ሰላም ያሰንብተን!