ደራሲና አዘጋጅ

ወረታ ሳስተምር የትምህርት ቤቱን የቴአትር ክበብ የምመራው እኔ ነበርሁ። ፖስተሩ ላይ «ደራሲና አዘጋጅ» ተብሎ ስሜ የሰፈረበትን ቴአትር ግን የደረሰችውም ያዘጋጀችውም፣ እናትየዋን ሆና የተወነችውም አንዲት ተማሪዬ ናት።

ምንም አልሠራሁም ማለቴ አይደለም። ፊደል አርሜያለሁ፤ የረዘመ ንግግርም አሳጥሬያለሁ። ያችኑ እርማት ለራሴ እያገዘፍሁ፣ በመጨረሻ ድርሰት አደረግኋት።

ታሪኩ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን ስላጥለቀለቀው ጎርፍ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤት ሲገባ እናትየዋ እሪ ትበል ብዬ ነበር።

«አይ ቲቸር፣ እናቴ ያኔ አልጮኸችም» አለችኝ። «ዝም ብላ የሩዙን ጆንያ ቆጥ ላይ ነው ያወጣችው።»

ተከራከርሁ፤ ተረታሁ። በኋላ ሰው ሁሉ «እንዴት አሰብኸው?» እያለ ያደነቀልኝ ያንኑ ቦታ ነው።

ለምን አደረግሁት? እንግዶች ይመጣሉ ስለተባለ ስሜን እንዲያውቁት ፈለግሁ። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። ሴት ልጅ ስትተውን አጨበጭባለሁ፤ እኔን ስታርመኝ ግን ከነከነኝ። አለማወቅ ነው እንዳልል፣ ስለ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ክፍል ውስጥ የምናገረው እኔው ነበርሁ፤ ተዋናይት፣ ገጣሚ፣ ጸሐፌ ተውኔትና አዘጋጅ መሆኗን፣ የስንቱን ዘፈን ግጥም መጻፏን፣ በስደትም እ.ኤ.አ. በ2000 ዋሽንግተን ላይ የጣይቱን የባህልና የትምህርት ማዕከል ማቋቋሟን። ሩቅ ያለችውን ማድነቅ አልከበደኝም።

በትርኢቱ ዕለት አንዱ ልጅ ቃለ ተውኔቱ ጠፋበት። ጽሑፉ እጄ ላይ ነበር። ገጹን ሳገላብጥ ልጁ ወደ እኔ ዞር አላለም፤ እሷን አያት። እሷም ከእናትነቷ ሳትወጣ፣ የጠፋውን ቃል በጥያቄ መልክ አቀበለችው። ያኔ ገባኝ፤ አይደለም፣ ቀድሞም አውቀው ነበር፤ ያኔ ለራሴ መካድ አቃተኝ ማለት ይሻላል። ቢሆንም «ደራሲው ይውጣ» ሲባል ወጣሁ። እሷ ከተዋንያኑ ጋር ተሰልፋ አጨበጨበችልኝ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ክበብ የምትመሩ ካላችሁ ግን፣ ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት ስሞቹን ለልጆቹ አስነብቧቸው።