ጭነቱ የት ያርፋል?



የመንግሥት ውሳኔ በግቢያችን ሁለት መልክ አለው። አንዱ ዜናው በወጣበት ማታ ዶርም ውስጥ የሚነሣው ክርክር ነው። ገሚሱ ይደግፋል፣ ገሚሱ ይቃወማል፣ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ይጠፋና ሁሉም ይተኛል። ሌላው መልክ ድምፅ የለውም። ከቤት የሚላከው ገንዘብ ሲያንስ ለማንም ሳይናገሩ ቁርስ መተው፣ ሃንድአውት ኮፒ ከማስደረግ የጓደኛን ተውሶ በእጅ መገልበጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ጠይቆ መምጣትን ወደ ወር አንድ ጊዜ ማውረድ ነው። በዚህ እትም ልናወራችሁ የፈለግነው ስለ ሁለተኛው ነው።

እኛ አብዛኞቻችን የሠራተኛ ልጆች ነን። ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ምንጣፍ ላይ ያደግን። አባቶቻችን ሚኒባስ ይነዳሉ፣ መርካቶ ጭነት ይጭናሉ ያወርዳሉ፣ ጋራዥ ይውላሉ። እናቶቻችን እንጀራ ጋግረው ያስረክባሉ፣ ጉልት ይቀመጣሉ፣ የሰው ቢሮ ያጸዳሉ። ስለዚህ ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ስናወራ ከቤታችን ውጭ ስላለ ነገር እያወራን አይደለም።

ከመካከላችን ሲቪል ምህንድስና የምንማረው ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ተነግሮናል፤ ጭነት አይጠፋም። ሶሌታው የተሸከመውን ለቢም ያቀብላል፤ ቢሙ ለኮለን፣ ኮለኑ ለመሠረቱ፣ መሠረቱ ደግሞ ለአፈሩ። እያንዳንዱ ከበታቹ ላለው ያስተላልፋል። አፈሩ ግን የሚያስተላልፍለት የለውም። ሕንፃ ከመንደፋችን በፊት አፈሩ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል የምንመረምረውም ለዚህ ነው። አፈሩን ሳያይ የፎቅ ብዛት የሚወስን መሐንዲስ የለም፤ ካለም ፈተና አያልፍም።

በከተማችን በአዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት የተላለፉትን ውሳኔዎች በዚህ ዓይን ለማየት ሞከርን።

ነዳጅን እንውሰድ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለሁሉም ይደረግ የነበረው የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣና ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ያኔ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እነዚህ ውሳኔዎች ምክንያት የላቸውም አንልም። ድጎማው ለሁሉም ሲሆን ትልቅ መኪና ያለው ሰው መኪና ከሌለው ይልቅ ይደጎማል። በርካሽ የተሸጠ ነዳጅ በድንበር በኩል ሾልኮ ይወጣል። ዶላር በባንክ በአንድ ዋጋ፣ በጥቁር ገበያ በእጥፍ ሲሸጥ የሚያተርፉት ባንክ ውስጥ ሰው ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህን ክርክር እናውቀዋለን፤ ብዙውም እውነት አለው። የኛ ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ ጭነቱ የት ያርፋል?

የጭነት መኪናው ባለቤት የነዳጁን ጭማሪ በኪራዩ ላይ ይጨምራል። ጅምላ ሻጩ ኪራዩን በዕቃው ላይ፣ ቸርቻሪው ደግሞ በዘይቱና በሳሙናው ላይ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ለበታቹ አቀብሏል። የሚኒባስ ሾፌሩ ግን በሁለት የተተመኑ ዋጋዎች መሐል ቆሟል። የነዳጁ ዋጋ ተተምኗል፣ ታሪፉም ተተምኗል፤ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢም አይቀነስለትም። ታዲያ ምን ያደርጋል? መንገድ ይቆርጣል። ከሜክሲኮ ጀሞ መጫን ያለበት መኪና ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ይላል። ተሳፋሪው ሳር ቤት ወርዶ ሌላ ታክሲ ይሳፈራል፤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በሕግ ታሪፉ አልተጣሰም፤ በኪስ ግን ተጥሷል። ሾፌሩን እንራገማለን፤ እሱም የአንዳችን አባት ነው።

ከመካከላችን የአንዱ እናት እንጀራ ለቀን ሠራተኞች ይሸጣሉ። ጤፍ ሲወደድ ዋጋ መጨመር ከበዳቸው፤ ደንበኞቻቸው ግንባታ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከሙ ልጆች ናቸው፣ አቅማቸውን ያውቁታል። እናም እንጀራዋን አሳነሷት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጡ። አንድ ማታ ልጃቸው ጋ ደውለው፣ «ልጄ፣ አንተ መድረሳ ተምረሃል፤ ይሄ ሚዛን ማጉደል ይሆንብኛል ወይ?» አሉት። ልጁ ኡስታዙን ጠየቀ። ኡስታዙም ገዢው አይቶና አውቆ ከገዛ ማታለል የለበትም፤ ነገር ግን በግልጽ ይንገሯቸው አለ። እናትም ነገሯቸው። አንዱ ሠራተኛ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይጨነቁ ማዘር፤ እኛም ከሁለት ወደ አንድ ወርደናል።»

ይህን ስንሰማ ዝም አልን። ጤፉን ያስወደዱት እሳቸው አይደሉም፤ ስለ ምንዛሪም ማንም አላማከራቸውም። የአኺራውን ሒሳብ ፈርተው ሌሊት የሚገላበጡት ግን እሳቸው ናቸው። የገንዘቡ ጭነት ሲወርድ የኅሊናው ጭነትም አብሮ ይወርዳል ማለት ነው።

አለመወሰንም ውሳኔ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ በወር እስከ 600 ብር ነበር። ጤፉ፣ ኪራዩና ትራንስፖርቱ ሲጨምር ያ ቁጥር ለዘጠኝ ዓመት ባለበት ቆመ። በወር 2,000 ብር የሚከፈላትን ጽዳት ሠራተኛ አስሉ። 157 ብር ከ50 ሳንቲም ለግብር፣ 140 ብር ለጡረታ መዋጮ ይቆረጥባት ነበር፤ እጇ ላይ ይደርስ የነበረው 1,702 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። መልካም ሥራ ነው፤ መልካምን መልካም ማለት ይገባል። ግን በእነዚያ ዓመታት ማንም አዲስ ግብር ሳያውጅባት የኑሮ ውድነቱ ብቻውን ድርሻዋን እያሳነሰው መሄዱን ማን ቆጠረላት? በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል የደመወዝ ወለል የለም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል፤ ወለሉ ግን አሁንም አልተቀመጠም።

የመልሶ ማልማቱም እንዲሁ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳና ሌሎች የቆዩ ሰፈሮች ሲነሡ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማ ዳርቻዎች ሄደዋል። የድሮዎቹ ቤቶች የጋራ ሽንት ቤትና የሚያፈስ ጣራ እንደነበራቸው እናውቃለን፤ ሰፊ መንገድና ንጹሕ የእግረኛ መሄጃም እንወዳለን። ነገር ግን ምትክ ቤት የሚሰጠው ስሙ በውል ላይ ለሰፈረ ሰው ነው። በዚያው ግቢ አንዲት ክፍል በደባልነት ተከራይቶ የኖረ ሊስትሮ ወይም የሻይ ቤት አስተናጋጅ በወረቀት ላይ የለም። ጭነቱ በቤቱ ባለ ውል በኩል አልፎ እሱ ላይ ያርፋል።

በመድረሳ ከሰማናቸው ታሪኮች አንዱ ሁሌ ወደ አእምሯችን ይመጣል። በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ለሕፃናት ከበይተል ማል ድርጎ ይሰጥ ነበር፤ የሚሰጠው ግን ጡት ለጣለ ልጅ ነው። በጎ ውሳኔ ነበር። አንድ ሌሊት ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር ሆነው መዲና የሰፈሩ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። ዑመር ሄደው እናቲቱን አላህን እንድትፈራና ለልጇ መልካም እንድትሆን መከሯት። ልጁ እንደገና አለቀሰ፤ እንደገና መከሯት። በሦስተኛው ግን ልጁ ለምን እንደማያርፍ ጠየቋት። ማን እንደሆኑ አላወቀችም ነበርና እውነቱን ነገረቻቸው፤ ዑመር ድርጎ የሚሰጠው ጡት ለጣለ ብቻ ስለሆነ ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው ነው። የዚያን ቀን ፈጅር ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው ብዛት ቁርኣናቸው ለሰጋጁ በቅጡ አልተሰማም ይባላል። ከሶላቱ በኋላ ልጆችን ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ፣ ድርጎው ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ነው ተብሎ ታወጀ።

በልጅነታችን ይህን ስንሰማ የሚያስደንቀን የዑመር እንባ ነበር። አሁን የሚያስደንቀን ሌላ ነው። ያቺ እናት ዐመፀኛ አልነበረችም፤ ውሳኔው በፈቀደላት ጠባብ በር ልትሾልክ ነው የሞከረችው፤ ልክ መንገድ እንደሚቆርጠው ሾፌር። ጭነቱም ያረፈው ለማንም ማስተላለፍ በማይችለው ሕፃን ላይ ነበር። ዑመር ሁለት ጊዜ መክረው ምንም አላወቁም፤ እውነቱ የመጣው ሲጠይቁ ነው። ዛሬም ለሠራተኛው ምክር አይጎድለውም፤ ቆጥብ፣ ታገሥ፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው ይባላል። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን እናምናለን፤ ሶብርም ዒባዳ ነው። ነገር ግን ሶብር የተሸካሚው ምንዳ እንጂ የጫኙ ማምለጫ አይደለም። የመሪ ውሳኔ ከሕዝቡ ጥቅም ጋር መታሰር እንዳለበት በፊቅህ ቀዋዒድ የተማርነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ እኛን እንዴት ይመለከተናል? ኢንሻአላህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመካከላችን ገሚሱ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ይይዛል። የመንገድ ንድፍ የምንሥለው፣ የታሪፍ ጥናት የምናዘጋጀው፣ የተነሺዎችን ዝርዝር የምንመዘግበው እኛ ነን። ሚኒስትር መሆን አይጠበቅብንም፤ አንዲት የእግረኛ መሻገሪያ ከንድፍ ላይ ስትቀር የጉልት ሻጯ በየቀኑ ምን ያህል ዙሪያ እንደምትሄድ መጠየቅ የጀማሪ መሐንዲስ ሥራ ነው። ደባሉን በዝርዝሩ ላይ የሚጨምር አንድ ዓምድ ይኑር ማለት የመዝጋቢ ሥራ ነው። ያ ጠረጴዛ አማና ነው፤ ስለ አማናም እንጠየቃለን።

እስከዚያው ደግሞ እያንዳንዳችን በሰንሰለቱ ውስጥ ነን። ግቢ በር ላይ ልብስ የሚያጥቡልን እህቶች ሳሙና ተወደደ ብለው ጥቂት ሲጨምሩ «በድሮው ይሁን» ብሎ መሟገት ጭነቱን ወደ ታች ማቀበል ነው። ትርፍ ብር ካለን ያለ ክርክር እንክፈል። ከሌለን በጥቂቱ እናሳጥብ እንጂ ዋጋቸውን አናውርድ። ቁርስ የተወ ወንድም ወይም እህት ስናይ ቆጥብ ከማለታችን በፊት ለምን ብለን በጎን እንጠይቅ። የጀመዓችን የሰደቃ ሣጥን የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ለወሰደም ለሰጠም ስም አይጻፍበትም።

አላህ ከበታቻችን ማን እንዳለ የምናይ ያድርገን፤ አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።